በአየርላንድ የሞደርኒዝም አጫጭር ልቦለዶች ውስጥ የስሜት ሽባነትና ምልክት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የጄምስ ጆይስ «የደብሊን ሰዎች» በ1914 ለንደን ውስጥ ከታተመ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ይሁን እንጂ አሥራ አምስቱን ታሪኮች ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነብ ሰው ዛሬም ግራ መጋባቱ አይቀርም። ጉልህ ድርጊት የለም ማለት ይቻላል፤ ታሪኩ አሁን ሊጀምር ነው ሲባል ያልቃል፤ ገጸ ባሕርያቱም የሚፈልጉትን እያወቁ ከተቀመጡበት አይነሡም። ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች በአብዛኛው ከዚሁ ግራ መጋባት የሚመነጩ ናቸው። መልሶቹ በጆይስ ላይ ያተኩራሉ፤ ከእርሱ በፊትና በኋላ የጻፉ ሁለት ሰዎችም ወደ መጨረሻው ይነሣሉ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የስሜት ሽባነት ሲባል ስሜት አልባ መሆን ማለት ነው?

አይደለም፤ ከሁሉ በላይ መታረም ያለበትም ይህ አረዳድ ነው። የእነዚህ ታሪኮች ሰዎች ልባቸው የደረቀ አይደለም። ይወዳሉ፣ ይቀናሉ፣ ይናደዳሉ፣ ይመኛሉ፤ የጎደላቸው ስሜቱን ወደ ቃል ወይም ወደ ድርጊት የሚያሸጋግር መንገድ ነው። ስሜቱ አለ፤ መውጫ ግን የለውም። መውጫ ያጣ ስሜት ደግሞ ጠፍቶ አይቀርም፤ በዙሪያው ባሉት ነገሮች ላይ ያርፋል፤ በመጋረጃ ላይ፣ በፎቶግራፍ ላይ፣ በሳንቲም ላይ፣ በበረዶ ላይ። ሰው ያልተናገረውን ዕቃው ይሸከመዋል። ስለዚህ ሽባነትና ምልክት በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ ተለያይተው ሊጠኑ የሚችሉ ሁለት ርእሶች አይመስሉኝም፤ አንዱን ያልያዘ አንባቢ ሌላውን አያገኘውም።

ሐሳቡ የጆይስ ነው ወይስ ተቺዎች በኋላ የለጠፉበት?

የራሱ ነው። በ1904 ለወዳጁ ለኮንስታንታይን ከረን በጻፈው ደብዳቤ ላይ ስብስቡን «የደብሊን ሰዎች» ብሎ የሰየመው፣ ብዙዎች ከተማ ነው ብለው የሚያስቡትን የዚያን ሽባነት ነፍስ ለማጋለጥ እንደሆነ ገልጿል። በግንቦት 1906 ደግሞ ለአሳታሚው ለግራንት ሪቻርድስ ሲጽፍ፣ ዓላማው የአገሩን የሥነ ምግባር ታሪክ አንድ ምዕራፍ መጻፍ እንደነበር፣ ደብሊንን የመረጠውም የሽባነት ማእከል ሆና ስለታየችው እንደሆነ፣ ታሪኮቹንም ከልጅነት ወደ ጉርምስና፣ ከዚያም ወደ ብስለትና ወደ ሕዝባዊ ሕይወት በሚያልፍ ቅደም ተከተል እንዳሰናዳቸው አስረድቷል።

ከደብዳቤዎቹ ይበልጥ ግን የመጽሐፉ የመጀመሪያ አንቀጽ ይናገራል። «እኅትማማቾቹ» በተባለው ታሪክ አንድ ልጅ ለሦስተኛ ጊዜ ስትሮክ የመታው ቄስ በሚገኝበት ቤት መስኮት ሥር ምሽት ምሽት ያልፋል፤ መብራቱን እያየ ሞቶ እንደሆነ ለማወቅ ይሞክራል፤ ሽባነት የሚለውንም ቃል በለሆሳስ ለራሱ ይደጋግማል። ቃሉ ያስፈራዋል፤ ያም ሆኖ ቀርቦ ሥራውን ሊያይ ይመኛል። በዚያው አንቀጽ ሌሎች ሁለት እንግዳ ቃላት ተጠቅሰዋል። አንዱ የመንፈስ ቅዱስን ጸጋ በገንዘብ ሊገዛ ከሞከረው ከሲሞን መሠርይ ስም የወጣው፣ ቅዱስ ነገርን የመሸጥ ኃጢአት ነው። ሌላው ኖሞን ነው፤ በዩክሊድ ጂኦሜትሪ ከፓራሌሎግራም አንድ ጥግ ተቆርጦ ሲወጣ የሚተርፈው ቅርጽ ማለት ነው። በእኔ ንባብ ከሦስቱ ይበልጥ የሚጠቅመን ይህ ኖሞን ነው። አሥራ አምስቱም ታሪኮች አንድ ጥግ የጎደላቸው ናቸውና፤ ጆይስ የቆረጠውን ጥግ አይመልስልንም፣ የቀረውን ቅርጽ ግን እጅግ በጥንቃቄ ስለሚያሳየን የጎደለው ምን ያህል እንደሆነ እንለካለን።

ለምን ደብሊን? ለምንስ በዚያ ዘመን?

አየርላንድ ከ1801 ጀምሮ በሕግ ከብሪታንያ ጋር ተዋሕዳ የራሷን ፓርላማ አጥታ ነበር። ደብሊን የዋና ከተማነት ስምና ሕንፃ እንጂ ሥልጣን አልነበራትም። በ1880ዎቹ የራስ አስተዳደር ተስፋ በቻርልስ ስቱዋርት ፓርኔል ዙሪያ ተሰባሰበ፤ በ1890 ከአንዲት ባለትዳር ሴት ጋር የነበረው ግንኙነት ፍርድ ቤት ሲወጣ ጳጳሳቱ ተነሡበት፣ ፓርቲው ለሁለት ተሰነጠቀ፣ እርሱም በጥቅምት 6 ቀን 1891 ሞተ። ጆይስ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። የአባቱ ቤት የፓርኔል ደጋፊ ስለነበር ኀዘኑ በቤት ውስጥ የታየ ኀዘን ነው።

ይህን በተግባር የሚያሳየው «የአይቪ ቀን በኮሚቴው ክፍል» የተባለው ታሪክ ነው። በፓርኔል መታሰቢያ ዕለት ለምርጫ ቅስቀሳ በገንዘብ የተቀጠሩ ሰዎች በአንድ ቀዝቃዛ ክፍል ምድጃ ከበው ቢራ ይጠብቃሉ። መክፈቻ ስለሌላቸው ጠርሙሶቹን ከእሳቱ አጠገብ ያስቀምጧቸዋል፤ ሙቀቱ ቡሹን ይገፋዋል። አንደኛው ለሞተው መሪ የተጻፈ ግጥም ያነባል፤ ሁሉም ልባቸው ይነካል፤ ከዝምታው በኋላ የአንባቢው ጠርሙስ ቡሽ «ፖክ» ብሎ ይወጣል። እውነተኛ ኀዘን ነበራቸው፤ ከግጥሙ አልፎ የሄደ ነገር ግን የለም። የታሪክ ማብራሪያ ጠቃሚ የሚሆነው እስከዚህ ድረስ ነው። እንግሊዝና ቤተ ክርስቲያን ጥፋተኛ ናቸው ብሎ ታሪኮቹን የሚዘጋ አንባቢ፣ ጆይስ የጫነውን ሸክም ከገጸ ባሕርያቱ ትከሻ ላይ ያወርድላቸዋል፤ ጆይስ ራሱ ይህን አላደረገም።

ምልክቱን እንዴት ልለየው? ሁሉም ነገር ምልክት ነው?

ሁሉም ነገር አይደለም። የሚሻለው አካሄድ ዕቃውን አስቀድሞ እንደ ዕቃ ማየት፣ በታሪኩ ውስጥ ማን እንደሚነካው፣ ማን እንደሚፈልገው፣ ማን እንደሚያፍርበት መጠየቅ ነው። «አረቢ» የሚጀምረው መጨረሻው በተዘጋ ጎዳና ላይ ነው። ኖርዝ ሪችመንድ ስትሪት በእውነት ያለ ጎዳና ነው፤ የጆይስ ቤተሰብም ኖሮበታል፤ የተዘጋ መሆኑ የከተማው ካርታ እውነት እንጂ የደራሲው ፈጠራ አይደለም። ታሪኩን የሚተርከው ልጅ በሚኖርበት ቤት ከዚህ በፊት የኖረው ቄስ ከኋላ ባለው ሳሎን ሞቷል፤ በጓሮው ቁጥቋጦ ሥር የእርሱ የነበረ የዛገ የብስክሌት ፖምፓ ወድቋል። ፖምፓው የኤደን ገነት እባብ ነው የሚሉ አሉ፤ በጓሮው መካከል የአፕል ዛፍ ስላለ። ይህ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን አስቀድሜ የማየው ልጁ ያገኘው ውርስ ምን እንደሆነ ነው፤ አየር የመንፋት ችሎታው በዝገት የጠፋ መሣሪያና ገጾቹ የተጨማደዱ መጻሕፍት።

በ«ሁለት ጎበዛዝት» ውስጥም አንድ የጎዳና ሙዚቀኛ በገና የመሰለ የአየርላንድ ሃርፕ ይደረድራል። ሃርፕ የአገሪቱ አርማ መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ጆይስ መሣሪያውን ልብሷ እስከ ጉልበቷ የወረደባትና ግድ የሌላት ሴት አስመስሎ ይገልጸዋል። ወዲያው ኮርሊ የተባለው ወጣት አንዲትን የቤት ሠራተኛ ለማግኘት ይሄዳል፤ በታሪኩ መጨረሻ ከእርሷ ያገኘውን ትንሽ የወርቅ ሳንቲም በመዳፉ ላይ ለጓደኛው ያሳያል። ሃርፑ ትርጉም የሚኖረው ሳንቲሙ ሲታይ ነው። አንድን ዕቃ ብቻ ነጥሎ መዝገበ ቃላት እንደሚፈታው መፍታት የማያዋጣውም ለዚህ ነው።

ቡናማ ቀለም ለምን ይደጋገማል?

ጆይስ የስንፍናና የመቆየት ቀለም አድርጎ ስለተጠቀመበት ነው፤ የቤቶቹ ፊት ቡናማ ነው፣ «የሚያሳዝን ጉዳይ» በተባለው ታሪክ የሚስተር ደፊ ፊትም የደብሊን ጎዳናዎች ቡናማ ቀለም አለው ተብሎ ተጽፏል። ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልገውም።

ኢቭሊን ለምን አልሄደችም?

ስለ መጽሐፉ ከሚነሡት ጥያቄዎች ሁሉ አብዝቶ የሚጠየቀው ይህ ነው። ኢቭሊን ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አልፏታል። በሱቅ ተቀጥራ የምታገኘውን ሰባት ሺሊንግ ሳምንታዊ ደመወዝ እንዳለ ለአባቷ ታስረክባለች፤ የቅዳሜውን አስቤዛ መግዣ ለማግኘት ደግሞ ከእርሱ ጋር መጨቃጨቅ አለባት። እናቷ ሞታለች፤ አንድ ወንድሟ ሞቷል፤ የቀረው ወንድሟ ሥራው ከቤት ያርቀዋል። አባቷ ያስፈራራታል፤ ልቧ አለልክ የሚመታው ከዚህ የተነሣ እንደሆነ ታውቃለች። ፍራንክ የተባለ መርከበኛ ሊያገባትና ቦነስ አይረስ ወስዶ ሊያኖራት ቃል ገብቶላታል፤ ጉዞውም ተይዞላቸዋል።

ታሪኩ ሲከፈት በመስኮት አጠገብ ተቀምጣ መንገዱ ሲመሽ ታያለች። ራሷን ወደ መጋረጃው አዘንብላለች፤ አፍንጫዋ ውስጥ ያለው የአቧራማ ጨርቅ ሽታ ነው። በዚህ መጋረጃ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ኢቭሊን የቤቱን ዕቃ በየሳምንቱ ስትወለውል፣ ይህ ሁሉ አቧራ ከየት ይመጣል እያለች ስትደነቅ ዓመታት አልፈዋል። ወልውላዋለች፣ ተመልሷል። አሁን የምትተነፍሰው የራሷን የድካም ዓመታት ነው። በግድግዳው ላይ፣ ከተሰበረው ሃርሞኒየም በላይ፣ ቢጫ እየሆነ የሄደ የአንድ ቄስ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ቄሱ የአባቷ የትምህርት ቤት ጓደኛ ነበር፤ አባቷ ለእንግዳ ባሳየው ቁጥር አሁን ሜልቦርን ነው ያለው ብሎ በአንድ ቃል ያልፈዋል። ኢቭሊን ስሙን እስከ ዛሬ አላወቀችም። ባሕር ተሻግሮ የሄደ ሰው ለቀሩት ምን ሆኖ እንደሚቀር የምታውቀው ከዚህ ፎቶግራፍ ነው፤ ስሙ የማይነሣ፣ ፊቱ የሚደበዝዝ ሰው። እንደዚያ መሆን ትፈራለች ብሎ ጆይስ አይጽፍም፤ ፎቶግራፉን ግን ከዐይኗ ፊት ሰቅሎታል።

አባቷ ጨካኝ ብቻ ቢሆን ኖሮ መሄዱ በቀለለ ነበር። ኢቭሊን ግን ሌላም ነገር ታስታውሳለች፤ አንድ ቀን ታማ ተኝታ ሳለች አባቷ የመንፈስ ታሪክ አንብቦላታል፣ እሳቱ ላይም ዳቦ ጠብሶላታል፤ እናቷ በሕይወት ሳለች ወደ ሃውዝ ኮረብታ ለሽርሽር በወጡበት ዕለት የእናቷን ባርኔጣ አድርጎ ልጆቹን አስቋል። ለእናቷ ደግሞ ቤቱን የምትችለውን ያህል እንዳይበተን እንደምትጠብቅ ቃል ገብታለች። ከዚያ የእናቷ የመጨረሻ ሌሊት ትዝ ይላታል፤ ለሰው ሲባል የተከፈለ፣ በእብደት ያለቀ ሕይወት። በድንጋጤ ትነሣለች፤ መዳን አለባት፤ ፍራንክ ያድናታል፤ ሕይወት ይሰጣታል፤ ምናልባት ፍቅርም ጭምር። ይህ «ምናልባት» ጭካኔ የለበትም፤ ኢቭሊን ከሕይወት የጠበቀችው ይህን ያህል ትንሽ ነው።

ወደቡ ላይ ፍራንክ እጇን ይዞ «ነዪ!» ይላታል። የዓለም ባሕሮች ሁሉ በልቧ ዙሪያ ይናወጣሉ፤ ሊያሰምጣት እንደሆነ ይሰማታል፤ የብረቱን አጥር በሁለት እጇ ትጨብጣለች። በዮሐንስ ወንጌል ያለው መፃጉዕ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሲማቅቅ ኖሮ የተናገረው «ሰው የለኝም» የሚለውን ነው። ኢቭሊን ግን ሰው አላት፤ እጁን ዘርግቶ ስሟን እየጠራ ነው። የጆይስ ሽባነት ክብደቱ እዚህ ላይ ነው። ታሪኩ የሚያበቃው ዐይኖቿ የፍቅርም፣ የስንብትም፣ የማወቅም ምልክት ሳያሳዩት ነው።

ሂዩ ኬነርን የመሰሉ ተቺዎች ፍራንክ አታላይ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ አለመሄዷ ሳይበጃት አልቀረም ብለው ጽፈዋል። ታሪኩ ይህን ጥርጣሬ አይከለክልም። ኢቭሊን የቀረችው ግን ፍራንክን ጠርጥራ እንደሆነ የሚያሳይ አንድም ቃል የለም፤ ስለዚህ ጥርጣሬው ስለ ፍራንክ ይነግረን ይሆናል እንጂ ስለ እርሷ እጅ አይነግረንም።

መገለጥ ወይም ኤፒፋኒ የሚባለው ገጸ ባሕሪውን ከሽባነቱ ያድነዋል?

ጆይስ ኤፒፋኒ ያለው፣ በተራ ንግግር ወይም በተራ እንቅስቃሴ ውስጥ የአንድ ነገር ማንነት ድንገት የሚገለጥበትን ቅጽበት ነው። ብዙ ማስተማሪያ ጽሑፎች ይህን ቅጽበት እንደ ድኅነት ያቀርቡታል። ታሪኮቹን ቀርቦ ለሚያነብ ግን ጉዳዩ እንዲህ ቀላል አይደለም። የ«አረቢ» ልጅ ለሚወዳት ልጅ ስጦታ ሊገዛ ወደ ባዛሩ ሲደርስ ሰዓቱ ለአራት አሥር ጉዳይ ሆኗል፤ አብዛኞቹ ሱቆች ተዘግተዋል፤ አንዲት ሻጭ ከሁለት ወንዶች ጋር በእንግሊዞች አነጋገር ተራ ወሬ ታወራለች። ሁለቱን ፔኒዎች በኪሱ ውስጥ ባለው የስድስት ፔኒ ሳንቲም ላይ ይጥላቸዋል፤ መብራት ይጠፋል፤ በጨለማው ራሱን ከንቱነት የነዳውና ያፌዘበት ፍጥረት አድርጎ ያያል። አየ እንጂ አልተንቀሳቀሰም። ታሪኩም እዚያው ያቆማል። ማየት የመጀመሪያው ደረጃ ነው፤ ጆይስ ሁለተኛውን ደረጃ ለማንም አልጻፈም።

ሽባነቱ ሁልጊዜ በዝምታ ነው የሚታየው?

አይደለም፤ አንዳንዴ በጩኸትና በዱላ ይታያል። «ግልባጮች» ውስጥ ፋሪንግተን የተባለ ጸሐፊ ቀኑን ሙሉ ሰነድ ይገለብጣል፤ አለቃው ያዋርደዋል፤ ሰዓቱን አስይዞ የጠጣበት ገንዘብ ያልቃል፤ በመጠጥ ቤት በክንድ ትግል ይሸነፋል፤ ቤት ሲገባ ምድጃው ጠፍቷል ብሎ ትንሹን ልጁን በዱላ ይገርፋል። ልጁ እንዳይመታው «ሰላም ለኪ ማርያም» እደግምልሃለሁ እያለ ይለምናል። ፋሪንግተን መሥሪያ ቤት ውስጥ ወረቀት ይገለብጣል፣ ቤት ውስጥ የደረሰበትን ውርደት ይገለብጣል። ታሪኩን ያለ ሕመም ማንበብ አይቻልም።

የዚህ ተቃራኒ የ«የሚያሳዝን ጉዳይ» ሚስተር ደፊ ነው፤ ሥርዓት ያለው፣ በባንክ የሚሠራ፣ ከከተማው ራቅ ብሎ ቻፐሊዞድ የሚኖር ሰው። ከራሱ አካል ትንሽ ራቅ ብሎ ይኖራል ተብሎ ተጽፏል። ስለ ራሱ በሦስተኛ መደብና በኃላፊ ጊዜ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን በሐሳቡ የማቀናበር ልማድ አለው። ወዳጁ የሆነችው ሚስስ ሲኒኮ አንድ ምሽት እጁን አንሥታ በጉንጯ ላይ ስታሳርፈው ግንኙነቱን ያቋርጣል። ከአራት ዓመት በኋላ እራት ሲበላ በጋዜጣ ላይ በባቡር ተገጭታ መሞቷን ያነባል። አስቀድሞ ይቆጣታል፣ ያፍርባታል፤ ከዚያ በፓርኩ ኮረብታ ላይ ቆሞ የባቡሩን ድምፅ እንደ ስሟ ሲደጋገም ይሰማዋል፤ ድምፁም ሲጠፋ ብቻውን መሆኑን ያውቃል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ጠረጴዛው ውስጥ ተረስቶ ሊበሰብስ ስለሚችል አፕል ተጠቅሶ ነበር፤ አንባቢው ሽታው የምን እንደነበረ የሚያውቀው ሲጨርስ ነው።

የተሰበረው ጽዋ ምን ያመለክታል?

በ«እኅትማማቾቹ» የቄሱ እኅት ነገሩ ሁሉ የጀመረው ጽዋው ከተሰበረ ጊዜ አንሥቶ ነው ትላለች፤ ምንም አልነበረበትም ይላሉ ብላም ታክላለች። ከዚያ በኋላ አንድ ሌሊት በጨለማ፣ በኑዛዜ መቀበያው ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ለራሱ ሲስቅ ተገኝቷል። ለቅዳሴ እንግዳ ላልሆነ አንባቢ፣ በተለይም ንዋየ ቅድሳትን መንካት የማን እንደሆነ በልጅነቱ ለተማረ ኢትዮጵያዊ አንባቢ፣ ይህ ቦታ የግርጌ ማስታወሻ አያስፈልገውም። ቄሱ የፈራው የጽዋውን ክብደት ነው፤ ኃላፊነቱ ከአቅሙ በላይ ሆኖ ሰበረው። ስለዚህ ሽባነቱ ከእምነት ማጣት ብቻ ሳይሆን ከእምነት መብዛትም ሊመጣ እንደሚችል መጽሐፉ ከመጀመሪያው ታሪክ ያስጠነቅቃል።

ቋንቋው ለምን ይህን ያህል የተቆጠበ ነው?

ጆይስ ያየውንና የሰማውን ለውጦ ለማቅረብ የሚሞክር ጸሐፊ ከልክ ያለፈ ደፋር ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ስለዚህም ሆን ብሎ ንፉግ በሆነ አጻጻፍ ጻፈው። ይህ ንፉግነት በ«ጭቃ» ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ይበቃል። ማሪያ በልብስ ማጠቢያ ቤት ወጥ ቤት የምትሠራ ያላገባች ሴት ናት። ትረካው በማሪያ ጨዋ አንደበት ስለተጻፈ ሁሉም ነገር መልካም፣ ሰው ሁሉ ደግ ነው። በሃሎዊን ምሽት ጨዋታ ዐይኗ ተሸፍኖ ከሳህኖቹ አንዱን እንድትነካ ይደረጋል፤ ጣቶቿ አንድ ለስላሳ እርጥብ ነገር ይነካሉ። ዝምታ ይሆናል፤ ሹክሹክታ ይሰማል፤ አንዲት ሴት ልጆቹን ትቆጣለች፤ በሁለተኛው ዙር የጸሎት መጽሐፍ ይደርሳታል። በጨዋታው ልማድ ጭቃ የሞት ዕጣ ነው፤ ያ ቃል ግን ከርእሱ በቀር በታሪኩ ውስጥ የለም። በኋላ ስትዘፍን ስለ ፈላጊዎቿ ወንዶች የሚናገረውን ሁለተኛ ስንኝ ትታ የመጀመሪያውን ደገመችው፤ ማንም አላረማትም። አሳድጋው የነበረው ጆ ዐይኑ በእንባ ስለሞላ የጠርሙስ መክፈቻውን ማግኘት አቃተው። የጎደለው ጥግ እንዲህ ነው የሚታየው።

በ«ሙታን» መጨረሻ ላይ ያለው በረዶ ሞት ነው ወይስ ሕይወት?

ከሁለቱ አንዱን ምረጥ የሚለው አነጋገር ለዚህ ታሪክ አይስማማም ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱን ለማየት ከግብዣው መጀመር አለብን። ገብርኤል ኮንሮይ በገና ሰሞን ወደ አክስቶቹ ቤት ሲገባ በረዶው ትከሻውና ጫማው ላይ ነው፤ ከውጭ ያመጣውን ያራግፋል። በግብዣው መካከል ሞቃት ጣቶቹን በቀዝቃዛው መስታወት ላይ እያሳረፈ ውጭ ብቻውን ቢራመድ ይመኛል። በዚያ ምሽት ሦስት ሴቶች ነካክተውታል፤ ሊሊ ስለ ወንዶች በተናገረችው መራራ ቃል፣ ሚስ አይቨርስ ለእንግሊዝ ያደረ አየርላንዳዊ አድርጋ በመተቸቷ፣ በመጨረሻም ሚስቱ ግሬታ። በመካከሉ ራሱ ገብርኤል ስለ አያቱ ፈረስ ስለ ጆኒ ይተርካል፤ ወፍጮ ሲያዞር የኖረው ፈረስ የንጉሥ ዊልያም ሐውልት ጋ ሲደርስ ወፍጮው መስሎት ዙሪያውን መዞር ጀመረ። ሁሉም ይስቃሉ፤ ገብርኤልም እየዞረ ያሳያቸዋል።

ከዚያ ግሬታ በደረጃው ላይ በጥላ ውስጥ ቆማ የሩቅ ዘፈን ስታዳምጥ ያያታል። ሴት በደረጃ ላይ፣ በጥላ ውስጥ፣ የሩቅ ሙዚቃ እያዳመጠች የምን ምልክት ናት ብሎ ራሱን ይጠይቃል፤ ሠዓሊ ቢሆን ሥዕሉን ምን ብሎ እንደሚሰይመው እንኳ ያስባል። ይህን ቦታ የምልክት አጥኚ ሁሉ እንዲያነበው እመኛለሁ። ገብርኤል ሚስቱን ምልክት ሲያደርጋት እርሷን ማየት ያቆማል፤ ምን እንደምታዳምጥ፣ ለምን እንደቆመች አልጠየቃትም። በግሬሻም ሆቴል ስትነግረው፣ ዘፈኑን ጎልዌይ ሳለች ማይክል ፉሪ የተባለ ልጅ ይዘፍነው ነበር፤ በዐሥራ ሰባት ዓመቱ ሞተ፤ ታሞ ሳለ ልትለየው ባለችበት ሌሊት በዝናብ ውስጥ ከአትክልቱ ጥግ ቆሞ ነበር። ለእኔ ሲል የሞተ ይመስለኛል ትላለች። ታሪኩ ከጆይስ ሕይወት የራቀ አይደለም፤ አብራው የኖረችው ኖራ ባርናክል የጎልዌይ ልጅ ነበረች፣ በወጣትነቱ የሞተ ማይክል ቦድኪን የሚባል ልጅም ታውቅ ነበር።

ግሬታ ካንቀላፋች በኋላ የገብርኤል ዐይኖች በእንባ ይሞላሉ፤ እንዲህ ያለ ፍቅር እርሱ ለማንም ተሰምቶት እንደማያውቅ ለራሱ ያምናል። በረዶውም በመላው አየርላንድ ላይ ይወርዳል፤ በመካከለኛው ሜዳ ላይ፣ በአለን ረግረግ ላይ፣ በሻነን ማዕበል ላይ፣ ማይክል ፉሪ በተቀበረበት ቦታ ላይ። ሲገባ ከጫማው ያራገፈው በረዶ አሁን እርሱን ከሞተው ልጅ ጋር የሚያገናኘው ሆኗል። ይቀዘቅዛል፣ ይሸፍናል፤ ግን ሕያዋንንና ሙታንን ሳይለይ ይሸፍናል፤ ገብርኤልም ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው ተለይቶ ከላይ አይናገርም። ወደ ምዕራብ የሚጓዝበት ጊዜ እንደደረሰ ያስባል። ይህ ጉዞ ሞት ነው ያሉ አሉ፣ ወደ ሚስቱ አገር መሄድ ነው ያሉም አሉ። ጆይስ «ሙታን»ን የጻፈው በ1907 ትሪየስት ሆኖ፣ አብዛኞቹን ታሪኮች ከጨረሰ በኋላ ነው፤ ለደብሊን ሰዎች ከዚህ በፊት የነፈጋቸውን ርኅራኄ እዚህ ላይ የሰጣቸው ይመስለኛል።

መጽሐፉ ለመታተም ለምን ዘገየ?

ሦስቱ ታሪኮች በ1904 «አይሪሽ ሆምስቴድ» በተባለ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ሳምንታዊ ጋዜጣ ወጥተው ነበር። ሪቻርድስ መጽሐፉን በ1906 ለማተም ተስማምቶ ነበር፤ ማተሚያ ቤቱ ግን ለይዘቱ በሕግ ሊጠየቅ ስለሚችል ስድቦችንና አንዳንድ ክፍሎችን ተቃወመ፤ ስምምነቱም ፈረሰ። በ1909 የደብሊኑ ሞንሰል ኩባንያ ተቀበለው፤ እርሱም ስለ ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ በተባለው ነገርና በእውነተኛ ስማቸው በተጠሩት መጠጥ ቤቶች ሰጋ። ጆይስ በ1911 ለንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ጽፎ፣ ስለ ኤድዋርድ የተባለው ነገር የንጉሡን አባት የሚነካ መሆን አለመሆኑን ጠየቀ፤ ንጉሡ በእንዲህ ያለ ጉዳይ አስተያየት መስጠት ልማዳቸው እንዳልሆነ ተመለሰለት። በ1912 የታተሙት ወረቀቶች በአታሚው ተደመሰሱ። በሰኔ 1914 ያወጣው መጀመሪያ የተወው ሪቻርድስ ነው።

ይህ የጆይስ ብቻ ነው ወይስ የሌሎች አየርላንዳውያንም?

ከእርሱ በፊት ጆርጅ ሙር አለ። በ1903 በወጣው ስብስቡ ውስጥ ያለው «የአገር ናፍቆት» የኢቭሊንን ታሪክ ገልብጦ ያሳየናል። ጄምስ ብራይደን ከኒው ዮርክ ለጤናው ሲል ወደ መንደሩ ይመለሳል፤ ማርጋሬት ዲርከንን ያጫል፤ ቄሱ ጭፈራና ፍቅርን ሲከለክል ሕዝቡ ያለ ቃል ሲታዘዝ ያያል፤ በኒው ዮርክ የመጠጥ ቤቱ ሽታ ናፍቆት ይነሣበታል፤ ጥሏት ይሄዳል። በእርጅናው፣ ሚስቱ ሞታ ልጆቹ ካደጉ በኋላ፣ የሚያስበው ማርጋሬትን፣ ሐይቁንና ኮረብታውን ነው። የሄደውም ያልሄደችውም አንድ ቦታ ደረሱ፤ በውጭ አገር ለሚኖር አንባቢ ሙር ከጆይስ ይልቅ ሊያመው ይችላል።

ከጆይስ በኋላ ሳሙኤል ቤኬት በ1934 ባሳተመው ስብስብ ዋናውን ገጸ ባሕሪ ቤላኳ ብሎ ሰየመው፤ በጣሊያናዊው ባለቅኔ በዳንቴ ግጥም፣ በመንጽሔ (ነፍሳት ወደ ገነት ከመግባታቸው በፊት በሚነጹበት ተራራ)፣ ከድንጋይ ጥላ ሥር ተቀምጦ ለመውጣት በሰነፈው ሰው ስም። በ«ዳንቴና ሎብስተሩ» ውስጥ ቤላኳ ያልሞተ ሎብስተር (የሚበላ የባሕር እንስሳ) ሊቀቀል ሲል ይደነግጣል፤ ፈጣን ሞት ነው ብሎ ራሱን ያጽናናል፤ የታሪኩ የመጨረሻ ቃል ግን «አይደለም» ይለዋል። እዚህ ስሜቱ ራሱ ተጠያቂ ሆኗል፤ ማዘን ብቻውን ምንም አያድንም።

ከየትኛው ታሪክ ልጀምር?

«ኢቭሊን» ጥቂት ገጾች ናት፤ በእርሷ ይጀምሩ። ከዚያ «አረቢ»፣ «ጭቃ» እና «የሚያሳዝን ጉዳይ» በዚህ ቅደም ተከተል ቢነበቡ ይመረጣል። «ሙታን» መጨረሻ ላይ ይሁን፤ የአክስቶቹ ግብዣ ሙቀት የሚሰማው ከእርሱ በፊት ያሉትን ቀዝቃዛ ክፍሎች ላየ ሰው ነው። «እኅትማማቾቹ» መጀመሪያ ላይ ቢገኝም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነበብ ይከብዳል፤ ሌሎቹን ጨርሰው ወደ እርሱ ቢመለሱ ይሻላል። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ በኢንተርኔት በነፃ ይገኛል።